የውሃው በረት

ሰፈራችን ላንቴ ውስጥ ሁሉም ነገር ይንኳኳ ነበር። ጫማችንን ከማጥለቃችን በፊት ተረከዙን ከድንጋይ ጋር መታ መታ እናደርጋለን። ሙዝ የሚቆርጥ ሰው ግንዱን ከመንካቱ በፊት በገጀራው ጀርባ ይመታዋል። ሽንት ቤት ስንገባ በሩ ብቻ ሳይሆን የቆርቆሮው ግድግዳም ይንኳኳል። ይህን ያስተማረኝ አጎቴ ደግነት ነው፤ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ከእኛው ጋር ይኖር የነበረው።

«ቤቱ የእነሱ ነው» ይለኝ ነበር። «ሰው ቤት ዘሎ አይገባም።»

እነሱ የሚላቸው ሸረሪቶቹን፣ ጊንጦቹን፣ በደረቀ የሙዝ ቅጠል ሥር ተጠቅልሎ የሚተኛውን እባብ ነበር። እኔም ማንኳኳት ሰላምታ መሰለኝ። አንድ ቀን በሙዝ ዘለላ መሀል እግሮቿን ዘርግታ የተቀመጠች፣ መዳፌን የምታህል ሸረሪት አየሁ። አንኳኳሁላት። አልተነቃነቀችም። «እንዴት አደርሽ?» አልኳት። አጎቴ ከኋላዬ ሆኖ ሳቁ አመለጠው። «ጆሮዋ አይሰማም፣ አርሴ። በይ ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ ነይ» አለና ክንዴን ይዞ ሳበኝ። እየሳቀ ለምን እንደዚያ አጥብቆ እንደያዘኝ ያን ጊዜ አልገባኝም።

ትልልቆቹ ስለ አውሬ የሚያወሩት ስለ ጎረቤት እንደሚያወሩት ነበር። ጉማሬው ማታ በእነ እትዬ በለጥሽ ማሳ በኩል ማለፉ፣ ዝንጀሮዎቹ ዛሬ መዘግየታቸው፣ የት ገብተው ይሆን መባሉ። አንዱን ብቻ በስሙ አይጠሩትም። በአባያ ሐይቅ ዳር አዞ «ያኛው» ነው። «ያኛው ታይቷል?» «ያኛውማ ማዶ ነው ያለው።» እኔ ሁሉም የተጣላው አንድ ዘመድ ይመስለኝ ነበር፤ ስሙን ላለማንሳት የተማማሉበት።

በበጋ የመስኖው ቦይ ሲደርቅ ልብስ የምናጥበውም ውሃ የምንቀዳውም ሐይቁ ላይ ነው። ያኛው እንዳይመጣብን የሰፈሩ ወንዶች የግራር ችካል ውሃው ውስጥ እየተከሉ፣ ችካሉን በሽቦ እያሰሩ ከሐይቁ ላይ ቁራጭ ቦታ አጥረው ነበር። የውሃው በረት እንለዋለን። በዚህ በረት ታጉሮ የሚገባው ሰው ነው፤ አውሬው ውጭ ነው።

በረቱ በየዓመቱ ይታደሳል። ጥር ላይ ሐይቁ ስለሚሸሽ የአምናው ችካል ጭቃ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ወደ ውስጥ መግፋት ያስፈልጋል። ወንዶቹ በውስጥ በኩል ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው ይተክላሉ። ሽቦው ግን ችካሉን ዞሮ መመለስ ስላለበት አንድ ሰው ከአጥሩ ውጭ ይቆማል። ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ፣ የሚያሾልኩለትን ሽቦ እየተቀበለ ያጠብቃል፣ መልሶ ያሾልካል። እኔ ከማስታውሰው ጊዜ ጀምሮ ያ ሰው አጎቴ ደጉ ነበር።

በዚያን ቀን ከእህል የሚጠመቀው የመጀመሪያው ቅል ቦርዴ ለእሱ ይሰጣል። ሽማግሌው ጋሽ ኃይለመስቀል ራሱን ዳብሰው ይመርቁታል። ሴቶቹ ከዳር ሆነው ስሙን እየጠሩ ያበረታቱታል። እኔ በሰፈሩ ካሉት ወንዶች ሁሉ እሱን የመረጡት ጎበዝ ስለሆነ ነው ብዬ አስብ ነበር። አንድ ጊዜ «ሳድግ እኔም ውጭ እቆማለሁ» ብል እናቴ አፌን በመዳፏ ጠፍ አድርጋ መታችኝ። ሴት ስለሆንኩ መሰለኝ። ቀኑን ሙሉ አኮረፍኳት።

ሕጉ ግን ሌላ ነበር። ውጭ የሚቆመው ልጅ የሌለው ነው። እሱ ከቀረና ሌላ ልጅ የሌለው ከጠፋ፣ ልጆች ቢኖሩትም ወንድሙ ይተካዋል።

ነገሩ የሆነበት ዓመት ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። መምህራችን ኖላዊት ከጨንቻ ነው የመጣችው፤ አባቷ ሸማኔ ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው። ደገኛ ስለሆነች ቆላውን ሁሉ ትፈራለች። ገና በመጣች ሰሞን ሰሌዳ ላይ እየጻፈች ሳለ ከጣሪያው ሸረሪት ትከሻዋ ላይ ዱብ አለች። ኖላዊት ጮኻ ወንበር ላይ ወጣች። እኛ በሳቅ ፈረስን። አጎቴ በዚያ ቀን የትምህርት ቤቱን ጣሪያ ሊጠግን መጥቶ ነበርና ገብቶ ሸረሪቷን በባርኔጣው ተቀበላት።

«አትገድላትም?» አለች ኖላዊት ከወንበሩ ላይ።

«ምን በደለች? የወባ ትንኝ ትበላልሻለች።»

«እኔን ባትበላኝ ነው የሚሻለኝ።»

«አንቺንማ ማን ይችልሻል፣ ወንበር ላይ ወጥተሽ!»

ከዚያ በኋላ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ቶሎ ቶሎ ይበላሽ ጀመር። በኅዳር የእኛ ሽማግሌዎች ጨንቻ ወጡ፤ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ።

በገና ሰሞን ያኛው የጋሽ ኃይለመስቀልን ጥጃ ወሰደ። ጥጃውን በወሰደበት ቦታ ላይ ነበር አዲሱ በረት የሚተከለው። ይህን የሰማሁት ማንጎው ጥላ ሥር ነው፤ እኔ የወደቀ ማንጎ እየለቀምኩ፣ ትልልቆቹ በርጩማ ላይ ሆነው እያወሩ።

«ሌላ ቦታ ቢሆንስ?» አለ አባቴ ታዴዎስ።

«ሌላው ሁሉ ገደል ነው» አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል። «በግራ ብንሄድ ጭቃው ሰው ይውጣል። የት ልውሰደው?»

«ዘንድሮም ደጉ ነው ማለት ነው?» አለች እናቴ ሻሺቱ።

«ሌላ ልጅ የሌለው ማን ቀረ? ጎረምሳው ሁሉ ከተማ ገብቷል። የቀረው ወልዷል።»

«ሰዉ ሁሉ በርትቶ ሲወልድ እኔ ተኝቼ» አለ አጎቴ። ከእሱ በቀር የሳቀ አልነበረም።

አባቴ ቀና ሳይል «እኔ ብቆምስ?» አለ።

እናቴ ከበርጩማዋ ተነሣች። «አንተ የልጆች አባት ነህ፣ ታዴዎስ። ደጉ እንኳን...» አለች።

«ልክ ናት እትዬ ሻሺቱ» አለ አጎቴ። «ከፋሲካ በኋላ አገባለሁ፣ ከዚያ እወልዳለሁ፣ ከዚያ እገላገላለሁ። ይቺ አንድ ዓመት ናት።»

እኔ እናቴ በአባቴ ላይ የጨከነች መሰለኝ። ሰው ሁሉ ስሙን እየጠራ የሚያሞግሰው ቦታ ላይ እንዲቆም አልፈቀደችለትም። ማታ እራት ላይ አባቴ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ እንዳይከፋው።

የበረቱ ቀን ጠዋት ነው የተጀመረው። የአባያ ውሃ እንደ ሸክላ ጭቃ ቀይ ነው፤ ከጉልበት በታች ያለ እግር አይታይበትም። ወንዶቹ መዶሻና ችካል ይዘው ገቡ። ሴቶች በዚያን ቀን ውሃ አይነኩም፤ ዳር ቆመን ነበር። አጎቴ ቦርዴውን ጠጣ፣ ተመረቀ፣ ሸሚዙን አውልቆ ለእኔ ወረወረልኝና ገና ባልታጠረው ክፍት በኩል ወጥቶ ውጭ ቆመ። ሸሚዙን ደረቴ ላይ አቅፌ በኩራት ዙሪያዬን አየሁ።

ጥቂት ችካሎች እንደታሰሩ ኖላዊት በሙዙ መሀል መጣች። የከተማ ጫማ አድርጋለች። እየሮጠች ነበር፤ ቅጠሉን በክንዷ እየገፈተረች፣ ምንም ሳታንኳኳ። ዳር ደርሳ ቆመች። ሐይቁን እንዲያ ከቅርብ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ጋሽ ኃይለመስቀል» አለች። «ደግነት ይውጣ።»

«ምነው፣ ልጄ?»

«ልጅ አለው።»

መዶሻው ቆመ። ጋሽ ኃይለመስቀል እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው አዩዋት። «የት ያለ ልጅ?»

እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። «እዚህ ነው ያለው። የእሱ ነው።»

እኔ ሕፃኑን ፍለጋ ወደ ጀርባዋ አየሁ። ያዘለችው የለም።

«ውይ መምህርት!» አለች እትዬ በለጥሽ፣ ምላሷ የማይደክም ጎረቤታችን። «ልጆቻችንን ሀ ሁ ስታስተምር መስሎን፣ ለካ ማታ ማታ ሌላ ተማሪ ነበራት!» ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ከድነው ሳቁ። ኖላዊት ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ እጇን ግን ከሆዷ ላይ አላነሳችም።

«ኖላዊት!» አለ አጎቴ ከውሃው ውስጥ። ሌላ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። እሷ አየችው። አፉን ዘጋ። ደስታ ቃል ያሳጣው መሰለኝ። ዛሬ ያንን ፊት ሳስታውስ ደስታ አላይበትም፤ ልጅ ሊኖር እንደማይችል እሱ ያውቅ ነበር።

«ጋሼ፣ ልጨርሰው» አለ ወደ ሽማግሌው ዞሮ።

«አባት የሆነ አይቆምም። ግባ።»

«ጋሼ...»

«ግባ አልኩህ እኮ!»

ገባ። በክፍቱ ሲገባ አባቴ መዶሻውን ለሌላ ሰው አቀብሎ በዚያው ክፍት ወጣ። ማንም አላዘዘውም። ሁለቱ ወንድማማቾች ሲተላለፉ አጎቴ ክንዱን ያዘው፤ አባቴ በቀስታ አስለቀቀው።

ያን ጊዜ የኖላዊት እጅ ከሆዷ ላይ ወረደ። ጨንቻ ሐይቅ የለም፣ የውሃ በረትም የለም። ደጉ ከወጣ ሥራው የሚቆም መስሏት ነበር። ወንድም በወንድም እንደሚተካ የነገራት አልነበረም። ይህን የተረዳሁት ካደግኩ በኋላ ነው። በዚያን ቀን ያየሁት አሸዋው ላይ ቁጭ ስትል ብቻ ነው፤ እርጉዝ ቶሎ ይደክማታል ሲሉ ሰምቼ ስለነበር ምንም አልገረመኝም።

«ጋሽ ታዴዎስ» አለች ተመልሳ ልትነሣ እየሞከረች። «እኔ... ጋሽ ታዴዎስ፣ እኔ እኮ...»

«ተቀመጪ ልጄ» አለ አባቴ፣ ሽቦውን እየተቀበለ። «ፀሐዩ ለአንቺ ጥሩ አይደለም። ጥላ ፈልጉላት።»

እናቴን አየኋት። ኖላዊትን አላየቻትም። ውሃውን ብቻ ታያለች፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

የመጨረሻው ችካል ላይ ሲደርሱ ከአባቴ ጀርባ፣ ድንጋይ ብወረውር በሚደርስበት ቦታ፣ ውሃው ላይ ሁለት ጉብታ ታየ። ማንም ስም አልጠራም። ጋሽ ኃይለመስቀል በከዘራቸው ችካሉን መምታት ጀመሩ፤ ወንዶቹም እየተቀባበሉ በመዶሻ፣ በእንጨት፣ በእጃቸው ይመቱ ጀመር። አጎቴ ከሁሉም በላይ ይመታል፣ ይጮኻል። እኔም እያጨበጨብኩ ዘለልኩ፤ ሲጨርሱ የሚደረግ ጭፈራ መስሎኝ። አባቴ ሳይዞር ሽቦውን አጠበቀ፣ ቋጠረ፣ ገባ። ጉብታው ጠፋ። ዳር ሲወጣ ቦርዴውን ሰጡት፤ እጁ ግን ቅሉን መያዝ አቃተው፣ ደረቱ ላይ ፈሰሰ። ውሃው በርዶት ነው አልኩ። በጥር ፀሐይ፣ በአባያ ዳር።

ሠርጉ ጾሙ ሳይገባ በጥድፊያ ተደረገ። የኖላዊት አባት አልመጡም። ሙሽራው የሚለብሰው ጋቢ ከእሳቸው እጅ መምጣት ነበረበት፤ እሱም አልመጣም። «መንገዱ ጭቃ ሆኖ ይሆናል» አልኳት ላጽናናት ብዬ። ዝናብ ከዘነበ ወራት አልፎት ነበር። «አዎ፣ ጭቃ ሆኖ ነው» አለችኝና ጉንጬን ሳመችኝ።

እኔ የአጎቴን ልጅ መጠበቅ ያዝኩ። ጠዋት ጠዋት የሚኖሩባት ክፍል ሄጄ የኖላዊትን ሆድ በጣቴ አንኳኳለሁ። «ማነው?» ትላለች በቀጭን ድምፅ። «አርሴማ ነኝ።» «ገና ነው፣ ነገ ነይ።» አንድ ጠዋት ግን ሳንኳኳ፣ እጄን ያዘችና ለረጅም ጊዜ ሳትለቀኝ ቆየች።

በዚያው ሰሞን አዲሱ በረት ውስጥ ልብስ እናጥብ ነበር። እናቴና ኖላዊት ከሠርጉ ወዲህ ከእግዜር ይስጥልኝ ያለፈ ነገር አይነጋገሩም ነበር። ኖላዊት አንድ ጨርቅ ከልብሱ ሥር እየደበቀች ስታጥብ እናቴ አየች። እጇን ዘርግታ ተቀበለቻት። ጨርቁ ላይ ደም ነበረው። ኖላዊት እንደ ድንጋይ ሆና ቀረች። እናቴ ጨርቁን ሳሙና መታ አሸችው፣ አለቀለቀችው፣ ጠምዝዛ መለሰችላት። ኖላዊት እጇን ቆርጧት መሰለኝና ጣቶቿን አንድ በአንድ አገላብጬ አየሁ። ምንም ቁስል አጣሁ።

ካደግኩ በኋላ፣ ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ ይህን ለእናቴ አነሣሁላት። አሁን ላንቴ የቦኖ ውሃ ገብቷል፤ ችካሎቹ ላይ ወፎች ናቸው የሚያርፉት። አባቴ ስለዚያ ቀን እስከ ዛሬ አያወራም። እናቴ ግን ጎመኑን እየቀነጠሰች ነገረችኝ።

«ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። እርጉዝ ሴት ያን ጨርቅ ምን ታደርገዋለች?»

«ለምን ዝም አልሽ ታዲያ? አባባን እኮ ውሃ ውስጥ የከተተችው እሷ ናት።»

«ናት። መጀመሪያማ ሄጄ ለሰፈሩ ልጮህባት ነበር።» እንጨቱን ከጎመኑ ለይታ ጣለች። «ከዚያ ደጉን አሰብኩት። እሷ አንድ ቀን ነው የሰው ባል ውሃ ውስጥ ያስገባችው፣ ያውም ሳታውቅ። እኔ በየዓመቱ ዳር ቆሜ የባሌን ወንድም ሳበረታታ ነው የኖርኩት። እያወቅሁ።»

በሰኔ መጀመሪያ ኖላዊት ፅንሱ እንደወረደባት ተነገረ። የሰፈሩ ሴቶች ለማጽናናት መጡ። ዝናብ ነበር፤ ጃንጥላው በረንዳው ላይ ተደርድሯል። እኔ ጥግ ተቀምጬ አለቅሳለሁ። በየጠዋቱ ያነጋገርኩት ልጅ ነው የሞተው። ኖላዊት ነጠላዋን አጣፍታ፣ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች፤ እያንዳንዷ ሴት ስትገባ «እግዜር ይተካ» ትላታለች፣ እሷም «አሜን» ትላለች። ድምፅዋ እየቀነሰ ሄዶ በኋላ ከንፈሯ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለች እትዬ በለጥሽ ለመጽናኛ የመጣውን ቂጣ እየቆረሰች። «ልጅ ከሌለ የመጪው ጥር ያው የደጉ ነው። ታዴዎስ እንኳን ተገላገለ። አይደለም እንዴ፣ ሻሺቱ?»

ሁሉም እናቴን አዩ። ኖላዊትም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። እናቴ አዎ ማለት ብቻ ነበረባት። ጭንቅላቷን ብትነቀንቅ እንኳን ይበቃ ነበር።

«ልጅ የለም ያለው ማነው?» አለች እናቴ።

«ወረደ አይደል እንዴ የምንለው?»

«ወርዷል። ደሙን በእጄ ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ማንም እንዳይጠራጠር።» ሴቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። «የሞተ ልጅ ልጅ አይደለም የምትል ካለች ትነሣና በወባ የቀበረቻቸውን ልጆቼ አልነበሩም ትበለኝ። አንቺ በለጥሽ፣ ትያለሽ?»

እትዬ በለጥሽ ቂጣውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ዓይኗ እንባ ሞላ። በዚያ ክፍል ውስጥ ያልቀበረች አልነበረችም። ከሴቶቹ አንዷ ቀስ ብላ ማልቀስ ጀመረች፣ ከዚያ ሌላዋ።

«ደጉ አባት ነው» አለች እናቴ። «ለጋሽ ኃይለመስቀልም እንደዚሁ ንገሯቸው።»

ኖላዊት ተነሥታ እናቴ እግር ላይ ወደቀች። እናቴ ጎትታ አነሣቻት፤ ተቃቅፈው አለቀሱ። ለሕፃኑ ነው ብዬ እኔም ሄጄ በመሀላቸው ገባሁ።

በሚቀጥለው ጥር አባቴ ሸሚዙን አውልቆ ውጭ ቆመ። ሥራው እንደተጀመረ እናቴ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ውሃው ውስጥ ገባች። ሴት በዚያን ቀን ውሃ ነክታ አታውቅም። ጋሽ ኃይለመስቀል ሊናገሩ ከዘራቸውን አነሱና መልሰው አወረዱት። እናቴ በውስጥ በኩል ከአባቴ ፊት ለፊት ቆመች፤ በመሀላቸው ችካሉ ነው። እሱ አንዱን አስሮ ወደ ሌላው ሲያልፍ እሷም አብራው ታልፋለች። የቤቱ ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ ፍየሏ ገመድ እንደበጠሰች፣ የእኔ ጫማ እንደጠበበኝ ስትነግረው ዳር ድረስ ይሰማል። በዚያ ሥራ መሀል ለምን እንደምትነዘንዘው አልገባኝም ነበር፤ አፈርኩባት። አባቴ እያሰረ «እሺ፣ እሺ ሻሺቱ» ይላል። ዓይኗ ግን እሱ ላይ አልነበረም። ከትከሻው በላይ፣ እሱ ሊያየው የማይችለው ውሃ ላይ ነበር፤ እስኪጨርስ ድረስ ከዚያ አላነሳችውም።